ከሲታክ የጠፋው ልጅ

ባለፈው ስለ ኢንሹራንስ የጻፍኩት ብዙ ሰው አነታረከ፤ ዛሬ ላሳርፋችሁ፣ ታሪክ ነው። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ። ረጅም ነው፤ ማሳጠር እንደማልችልበት ታውቃላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሾርላይን የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፣ አውሮራ መንገድ ላይ ሃይላንድ የሚባል የበረዶ መንሸራተቻ አዳራሽ አለ። ስንት ዓመት በደጁ ሳልፍ ዞር ብዬ እንኳ አይቼው አላውቅም። ዘንድሮ የ11 ዓመቷ ልጄ ለጓደኛዋ ልደት ተጠርታ ገባች፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ሰላም የለም። «አባዬ አስመዝግበኝ» ብቻ ነው ወሬው። እናቷ «እግሯን ሰብራ ትመጣና ታያለህ» ትላለች። የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው፦ ማን ያመላልሳታል? ቅዳሜና እሁድ ዋና ገበያዬ ነው። ይህን እያሰላሰልኩ ሲታክ ወረፋ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለ ነው አፖሎ ኦኖ ትዝ ያለኝ።

ስሙ የመጽሐፍ ቅዱሱን አጵሎስ ይመስላል እንጂ ልጁ የጃፓናዊ ልጅ ነው። አባቱ ዩኪ ኦኖ በ18 ዓመቱ ብቻውን አሜሪካ ገባ፣ ፀጉር ሠሪ ሆነ፣ ቤልታውን ውስጥ የራሱን ፀጉር ቤት ከፈተ። አፖሎ በ1982 ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ አባትና እናቱ ተለያዩና እናቱን ሳያውቃት አደገ። አባት ብዙ ጊዜ በቀን 12 ሰዓት ቆሞ ይሠራል፣ ልጅ ሞግዚት ዘንድ ይውላል። ይህን ኑሮ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ልጁ ደግሞ እሳት ነበር። አባቱ ጉልበቱን ይጨርስበት ብሎ ዋና አስገባው፣ ቀጥሎ በጎማ ጫማ መንሸራተት። በ1994 ኖርዌይ ሊልሃመር ላይ የተደረገውን የክረምት ኦሊምፒክ በቴሌቪዥን ሲያዩ ሾርት ትራክ የሚባለውን ውድድር አየ፣ ልቡ እዚያው ቀረ። ለማታውቁት ልንገራችሁ። የረጅሙ ትራክ ዙር 400 ሜትር ነው፤ ሁለት ሁለት ሆነው በየመስመራቸው ከሰዓት ጋር ይሽቀዳደማሉ። ሾርት ትራክ ግን ሆኪ በሚጫወቱበት ሜዳ ላይ ነው፣ ዙሩ 111 ሜትር ብቻ፣ መስመር የሚባል ነገር የለም። አራት አምስት ሰው በአንድ ላይ ይለቀቃል፤ ኩርባ ላይ በረዶውን በጣታቸው እየነኩ ሊወድቁ እስኪመስሉ ይጋደማሉ። 500 ሜትሩ አራት ዙር ተኩል ነው፣ ገና መሪ ሳትጨብጥ ያልቃል። አይ ፋይቭን ሌይኑን አጥፍታችሁ ሁሉም ሰው በእግሩ ስለት አስሮ ሲነዳ አስቡት።

አፖሎ 13፣ 14 ዓመት ሲሞላው ከእሱ ከሚበልጡ ልጆች ጋር ውሎ አበዛ። አባት ፈራ። በ1996 ሌክ ፕላሲድ፣ ኒውዮርክ ግዛት ባለው የኦሊምፒክ ማሠልጠኛ ቦታ አገኘለት፣ ሲታክ አድርሶት ሄደ። እኛ በቀን ስንቴ ሰው የምናወርድበት ሲታክ! ልጁ አውሮፕላኑን አልተሳፈረም። ጓደኛው ጋ ደውሎ ውሰደኝ አለና ጠፋ። አባት ፈልጎ አገኘው፣ ሁለተኛ ጊዜ ግን በር ላይ አላወረደውም፤ አብሮት በረረ።

በነገራችን ላይ ሌክ ፕላሲድ ለእኛም እንግዳ አይደለም። አዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም በረዶ ላይ መንሸራተትን የተማረው እዚያው አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለ ነው። በ2006 ቶሪኖ ላይ ለኢትዮጵያ የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒክ ተወዳዳሪ ሆነ፤ የእሱ ስፖርት ረጅሙ ስኪ ነው። ስለ እሱ ሌላ ቀን።

አፖሎ በ1997፣ በ14 ዓመቱ፣ የአሜሪካ ሻምፒዮን ሆነ። ከዚያ ተዝናና፣ ልምምዱን ተወ። ለ1998ቱ ናጋኖ ኦሊምፒክ ማጣሪያ ሲደረግ ከ16 ሰው 16ኛ ወጣ። እኔ ብሆን እዚያው እጮህበት ነበር፤ «ለዚህ ነው የምደክመው» እል ነበር፣ ብዬም አውቃለሁ። ዩኪ ግን በመኪናው ጭኖ እዚሁ ዋሽንግተን ግዛት፣ አይረን ስፕሪንግስ የሚባል የውቅያኖስ ዳርቻ ወሰደው። ትንሽ ጎጆ ተከራይቶ፣ የወደፊትህን አስብ ብሎ ብቻውን ትቶት ተመለሰ። ልጁ ከሳምንት በላይ በዝናብ እየሮጠ፣ እያሰበ ቆየና ደወለ፤ ልቀጥል አለ። ሲታክ ላይ አስገድዶ ነበር የወሰደው፣ እዚህ ግን ምርጫውን ለልጁ ተወ። የመጀመሪያውን ማንኛችንም እናደርገዋለን፤ ሁለተኛውን እኔ የምችለው አይመስለኝም።

በ2002 ሶልት ሌክ ሲቲ። 1000 ሜትር ፍጻሜ፣ የመጨረሻው ኩርባ፣ አፖሎ ሊያሸንፍ ነው። ከፊት ያሉት አራቱም ተጠላልፈው ወደቁ። ከኋላ ብቻውን ይመጣ የነበረው አውስትራሊያዊው ስቲቨን ብራድበሪ ቆሞ መስመሩን አለፈና ወርቁን ወሰደ። አፖሎ ጭኑ ተቆርጦ እየተንፏቀቀ እግሩን አሻገረ፣ ብር። ስድስት ቦታ ተሰፋ። ከአራት ቀን በኋላ 1500 ሜትር ሮጠ። ኮሪያዊው ኪም ዶንግ ሱንግ ቀድሞ ገባ፣ ባንዲራውን ይዞ መዞር ሲጀምር ዳኛው መንገድ ዘግቷል ብሎ ሰረዘው፤ ወርቁ ለአፖሎ ሆነ። ቪዲዮውን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ኪም ዘግቷል፤ አፖሎም እጁን እንደዚያ ማንሳቱ ትንሽ ቲያትር ነበረበት።

ኮሪያ ነደደች። የዛቻ ኢሜይል በሺዎች ጎረፈ። በዚያው ዓመት ሰኔ በእግር ኳስ የዓለም ዋንጫ ኮሪያዊው አን ጁንግ ህዋን አሜሪካ ላይ ጎል ሲያገባ ደስታውን የገለጸው እንደ በረዶ ተንሸራታች እጁን እያወዛወዘ ነበር። አንድ ጊዜ አንድ ኮሪያዊ አዛውንት ሊንውድ ሳደርሳቸው ስሙን ባነሳ፣ እስኪወርዱ ድረስ ዝም አሉኝ። ጉርሻ ግን ሰጡኝ።

የእኔ ምርጫ ቶሪኖ 2006 ነው። 1500ው ላይ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ሚዛኑን ስቶ ከፍጻሜ ውጪ ቀረ። 1000ው ነሐስ። የቀረው 500 ሜትር ነው፣ ለእሱ የማይመቸው። አፖሎ ከኋላ ተደብቆ አድብቶ የሚያልፍ ሰው ነው፤ 500ው ላይ ግን መነሻውን ያጣ ሁሉን አጣ። በመነሻው ሁለት ጊዜ አላግባብ ተነሱና ተመለሱ። በሦስተኛው እንደ ጥይት ወጣ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድም ሰው ሳይቀድመው በ41.935 ሴኮንድ ገባ። በዚህኛው ዳኛም ውድቀትም አልረዳውም። ሦስተኛ የወጣው ኮሪያዊው አን ህዩን ሱ ነው፣ ከጊዜ በኋላ ለሩሲያ የሮጠው።

በ2007 በቴሌቪዥን የዳንስ ውድድር አሸነፈ፤ ሚስቴ እሱን ብቻ ነው የምታውቀው። በ2008 የዓለም አጠቃላይ ሻምፒዮን ሆነ፤ የት? እዚያው ኮሪያ፣ ጋንግኑንግ። በ2010 ኦሊምፒኩ ቫንኩቨር መጣ፣ ከእኛ ሰፈር ወደ ሰሜን ድንበር ተሻግሮ። 1500ው ላይ ሁለት ኮሪያውያን በመጨረሻው ኩርባ እርስ በርስ ተጠላልፈው ሲወድቁ አፖሎ ብር፣ የፌደራል ዌዩ ልጅ ጄ አር ሴልስኪ ነሐስ ወሰዱ። ሴልስኪ ከአምስት ወር በፊት በማጣሪያው ላይ ወድቆ በገዛ ስለቱ ጭኑን እስከ አጥንት የተቆረጠ ልጅ ነው። (ይህን አንቀጽ ለሚስቴ እንዳታሳዩብኝ።) አፖሎ በስምንት ሜዳሊያ ጨረሰ፦ ሁለት ወርቅ፣ ሁለት ብር፣ አራት ነሐስ። የቦኒ ብሌርን ስድስት አልፎ ከአሜሪካ የክረምት ኦሊምፒያውያን አንደኛ ሆነ።

ልጄ ይህን ሁሉ ስነግራት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ነው፦ «አባትየው ፀጉር ቤቱን ዘግቶ ነው የሚያመላልሰው?» እንጃ አልኳት።

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ አፑን አጥፍቼ ሃይላንድ ደጅ እቆማለሁ። ጫማውን ለጊዜው ተከራይተናል። እናቷ ገና አልሰማችም፤ እባካችሁ ኮመንት ላይ ታግ እንዳታደርጓት።