ዜሮ ተብሎ የተጻፈው ቃል

ሽሮ ሜዳን የሚያውቅ ሰው ስለ ዋጋ ጠባይ አስተማሪ አያሻውም። ያው ቀሚስ፣ ያው ነጠላ፣ በአዘቦቱ አንድ ዋጋ፣ ጥምቀት ሲቃረብ ሌላ ዋጋ ነው። እንግዲህ እንዲህ ብለን እናስብ። አንድ የሸማ ነጋዴ ለቀጠረው ሸማኔ፣ «ሂሳብህን ትንሽ ቀነስ አድርገህ ሥራልኝ። በምትኩ ለጥምቀት ዋጋው የትም ይድረስ፣ አሥር ቀሚስ በዛሬው 3,000 ብር ትወስዳለህ። ካልፈለግህ ትተወዋለህ» ይለዋል። ቀሚሱ 5,000 ብር ከገባ ሸማኔው በአሥሩ 20,000 ብር አተረፈ። 2,500 ከወረደ ደግሞ «ይቅርብኝ» ብሎ ይሄዳል። ነጋዴው ማታ ደብተሩን ሲገልጥ ለዚህች ቃሉ ስንት ብር ወጪ ይጻፍ?

«ምንም! ከኪሴ ሳንቲም አልወጣም» ማለቱ አይቀርም። ያንኑ ቃል ለማያውቀው መንገደኛ በነጻ ይሰጠው እንደሆነ ግን ጠይቁት። አይሰጥም። የሽሮ ሜዳ ነጋዴ በነጻ የማይሰጠውን ነገር የአሜሪካ የሂሳብ ሊቃውንት ለሠላሳ ዓመት ያህል «ዋጋው ዜሮ ነው» እያሉ ሲጽፉት ኖረዋል። የዛሬው ወጋችን ስለዚሁ ነው።

ፈረንጆቹ የሸማኔያችንን ውል «ስቶክ ኦፕሽን» ይሉታል። በቀሚሱ ፋንታ የድርጅቱን አክሲዮን ተኩበት። ሠራተኛው፣ አብዛኛውን ጊዜ እንዲያውም ትልቁ አለቃ፣ ከዓመታት በኋላ አክሲዮኑን በዛሬው ዋጋ የመግዛት መብት ያገኛል። በ1972 እ.ኤ.አ. የወጣው «ኦፒኒየን 25» የተባለ የአሜሪካ የሂሳብ ደንብ፣ መብቱ በተሰጠበት ቀን የውሉ ዋጋና የገበያው ዋጋ እኩል ከሆኑ ወጪ የሚባል ነገር የለም አለ። ግጥምጥሞሹ ይገርማል፤ በዓመቱ፣ በ1973፣ ፊሸር ብላክና ማይረን ሾልስ የዚህን ዓይነት መብት ዋጋ የሚያሰላ ቀመር አሳተሙ። ነጋዴው ቀመሩን ወዲያው አነሳው፤ የሂሳብ መዝገቡ ግን አላየሁም አልሰማሁም አለ።

ኩባንያዎች ነገሩን ቢወዱት አይፈረድባቸውም። ደመወዝ በጥሬ ገንዘብ ሲከፈል ትርፍ ይቀንሳል፣ በኦፕሽን ሲከፈል ግን ትርፍ እንዳማረበት ይቀመጣል። በ1993 የአሜሪካ የሂሳብ ደረጃ አውጪ ቦርድ «ይህ ወጪ ነው፣ ይጻፍ» የሚል ረቂቅ አቀረበ። ሲሊከን ቫሊ ተነሣበት። «ጀማሪ ድርጅቶችን ልትገድሉ ነው» ተባለ። በ1994 ሴኔቱ ሐሳቡን በ88 ለ9 ድምፅ ነቀፈ። (መደመርና መቀነስ በድምፅ ብልጫ ሲወሰን አይታችሁ ካላወቃችሁ ይኸውላችሁ።) ቦርዱ አፈገፈገ። በ1995 «ወይ ከትርፋችሁ ቀንሱት፣ ወይ በግርጌ ማስታወሻ ጥቀሱት» ብሎ ምርጫ ሰጠ። ሁሉም ማለት ይቻላል ግርጌውን መረጠ። እስከ 2002 ድረስ ከታላላቆቹ 500 የአሜሪካ ኩባንያዎች ወጪውን ከትርፋቸው ይቀንሱ የነበሩት ቦይንግና ዊን-ዲክሲ ብቻ ነበሩ። ባለሀብቱ ዋረን ባፌት ግን ኦፕሽን ደመወዝ ካልሆነ ምንድን ነው፣ ደመወዝስ ወጪ ካልሆነ ምንድን ነው እያለ ይሞግት ነበር።

ኤንሮን በታኅሣሥ 2001 ሲንኮታኮት ሰው የኩባንያ ደብተር ማመን አቃተው። የኤንሮን ዋና ኃጢአት ሌላ ነበር፤ ቢሆንም የኦፕሽንም ጊዜው አለቀ። በየካቲት 2004 ዓለም አቀፉ ቦርድ ሁለተኛውን የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ አወጣ፤ መብቱ በተሰጠበት ቀን ይገመትና ሠራተኛው በሚያገለግልበት ዘመን ላይ ተከፋፍሎ ወጪ ይሁን አለ። አሜሪካኖቹም በዓመቱ መጨረሻ ተከተሉ።

እኛስ? የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕጋችን የእጅ ሙያተኛውን ከነጋዴ አይቆጥረውም ነበርና የሽሮ ሜዳ ሸማኔ የነጋዴ መዝገብ ያዝ አልተባለም። በጃንሆይ ዘመን በብሔራዊ ባንክ ጥላ ሥር መጠነኛ የአክሲዮን ግብይት ነበር፤ የ1967ቱ ውርስ ጠራርጎ ወሰደው። አዋጅ ቁጥር 847/2006 ዓለም አቀፎቹን ደረጃዎች ሲያመጣ ያ ሁለተኛው ደረጃም አብሮ መጣ። ገማች ሁሉ ግን የአክሲዮኑን የገበያ ዋጋ፣ የመውጣት የመውረዱንም ታሪክ ይፈልጋል። ገበያው ደግሞ፣ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ፣ ገና በጥር 2017 ዓ.ም. ነው የተመረቀው። በዚያው ዓመት ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮን በ300 ብር ለሕዝብ ሲያቀርብ ዋጋውን የቆረጠው ሻጩ ነበር። የተሸጠውም 10.7 ሚሊዮን ያህል ነው። በእንዲህ ያለ አገር አንድ ትንሽ የአክሲዮን ማኅበር ለሠራተኛው የሰጠውን መብት መገመት ከባድ ነው። ከባድ መሆኑ ግን ዜሮ አያደርገውም።

ይህን ሁሉ ያነሣነው እኩዮቻችን በየቢሮው «ለጊዜው ደመወዙ ትንሽ ነው፣ ግን ድርሻ አለህ፣ ድርጅቱ ሲያድግ ታያለህ» ስለሚባሉ ነው። ድርሻው ስንት ነው? በስንት ዋጋ? ብለቅስ? ብለው ይጠይቁ፣ በጽሑፍም ይቀበሉ። ቀጥለው ደግሞ የሂሳብ ሹሙ ለዚያ ቃል በመዝገቡ ላይ ምን ቁጥር እንዳሰፈረ ይጠይቁ። ምንም ካላሰፈረ፣ ድርጅቱ ለኦዲተሩ «ለዚህ ልጅ ከደመወዙ በቀር የሰጠሁት ነገር የለም» ብሎ ፈርሟል።