ተናኝ ፀረ ዝገት

ከጅቡቲ ወደብ ወደ ደጋ የተጓዘ አዲስ የቤት ክዳን ቆርቆሮ እስሩ ሲፈታ፣ የላይኛው ሉህ ያብረቀርቃል። መሃል የተደረደሩት ግን አንዳንዴ ነጭ ዱቄት ለብሰው ይገኛሉ። ነጋዴው ደንበኛ እንዳያየው ይጠርገው ይሆናል እንጂ፣ ዱቄቱ አቧራ አይደለም፤ ነጭ ዝገት ነው።

ቆርቆሮው በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው። ብረትን በቀለጠ ዚንክ መለበጥ ፈረንሳዊው ስታኒስላስ ሶሬል እ.ኤ.አ. በ1837 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ሥራ ነው። ዛሬም ብረቱ 450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚግል ዚንክ ውስጥ ይነከራል። ዚንኩ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ነፋስ ሲያገኝ፣ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወስዶ ራሱን የሚጠብቅበት ጥብቅ ሽፋን ያበጃል። ተነባብሮ ሳለ እርጥበት ከገባበት ግን ውኃው እንደታቆረ ይቀራል፤ አየር አይደርሰውም። ያኔ በጥብቁ ሽፋን ፈንታ በጣት የሚራገፍ ልል ዱቄት ይፈጠራል።

ለዚህ ከቀረቡት መፍትሔዎች አንዱ ተናኝ ፀረ ዝገት ነው። ወረቀት ውስጥ ተነክሮ ወይም ከፕላስቲክ ጋር ተዋህዶ የሚሠራ ኬሚካል ሲሆን፣ ቁም ሳጥን ውስጥ እንደተቀመጠ ናፍታሌን ቀስ እያለ ይተናል። ትነቱ የታሸገውን ቦታ ሞልቶ ብረቱ ላይ ያርፍና በዓይን የማይታይ ስስ ልባስ ይሆናል። ማሸጊያው ሲከፈት በንኖ ይጠፋል፤ እንደ ግራሶ በቤንዚን እጠቡኝ አይልም።

ችግሩ፣ ትነት ሁሉ ለዚንክ አይበጅም። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ በአሜሪካ ለወታደራዊ ዕቃ ማሸጊያ የተስፋፋው ዳይሳይክሎሄክሲልአሞኒየም ናይትራይት ለጥቁር ብረት ግሩም ነው፤ ዚንክን ግን ራሱ ያበላሸዋል። ዚንክ እንደ ብረት አይደለም፤ አሲድም ይበላዋል፣ ኃይለኛ አልካሊም ይበላዋል። እንዲህ ባሉ ኬሚካሎች ውስጥ ያሉት የአሞኒያ ዘመዶች፣ አሚኖች፣ እርጥበት ሲያገኙ ዚንኩን አስረው ወደ ውኃው ሊያሟሙት ይችላሉ። ስለዚህ አምራቾች ለዚንክና ለተደባለቁ ብረቶች የሚሆነውን ለብቻ ያዘጋጃሉ። ገዢ ዋጋ ከመጠየቁ በፊት «ለጥቁር ላሜራ ነው ወይስ ለዚንክ?» ቢል አይከፋም።

ቀድሞ የረጠበ ቆርቆሮ በተናኝ ፀረ ዝገት ወረቀት ቢጠቀለል ግን ብዙ አይረባም፤ ተጣብቀው በተደረደሩ ሉሆች መሃል ትነቱ በቀላሉ አይገባም። መጀመሪያ ለያይቶ ማድረቅ፣ ከዚያም ውኃ እንዲወርድ በእንጨት ላይ ዘንበል አድርጎ ማስቀመጥ ይሻላል። የታየው ነጭ ዝገት ስስ ከሆነ በናይለን ብሩሽ ይነሳል፤ ከሥሩ ያለው ዚንክም አብዛኛውን ጊዜ አለ።