የተፋቀው ስም

ዘንዘልማ በተከራየኋት ክፍል ውስጥ፣ ከልብስ ሣጥኔ ሥር፣ በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለች አንዲት የብራና መጽሐፍ አለች። ከመዳፍ እምብዛም አትበልጥም። የመልክዕ መጽሐፍ ናት፤ የእንጨት ገበታዋ በአንድ ወገን ተሰንጥቆ በክር ተሰፍቷል። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ወጣት አመጣልኝ። «ጋሼ፣ ለፈረንጅ ከምትሄድ እርስዎ ጋ ትቀመጥ» አለኝ። የገዛሁት መጽሐፉን ሳይሆን ያንን ቃል ነው ብል ይቀለኛል። የአንድ ወር የቤት ኪራዬን ያህል ከፈልሁና ቅርስ ያዳንሁ መስሎኝ ደስ ብሎኝ አደርሁ።

በማግስቱ ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር። የመጨረሻዋን ቅጠል ወደ ሻማው አዘንብዬ ስመለከት፣ ከጽሑፉ በታች በምላጭ የተፋቀ ቦታ አየሁ። የብራና መጻሕፍትን የሚያውቅ ሰው ያ ቦታ ምን እንደሚይዝ ያውቃል። መጽሐፉን ማን እንዳጻፈው፣ ለየትኛው ደብር እንደሰጠው የሚጻፈው እዚያ ነው። የሰረቀውም የፋቀውም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን እንዲወገዝ የሚያስጠነቅቀው ቃልም እዚያው ይሰፍራል። የእኔዋን መጽሐፍ የሸጣት ሰው ስሙንም ውግዘቱንም አብሮ ፍቆታል።

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ የሰብሳቢዎችን ታሪክ ማንበብ ያዝሁ። በመጀመሪያ ያገኘኋቸው ታሪኮች ከእኛ አገር የራቁ ነበሩ። በካምቦዲያ ኮህ ኬር በሚባል ስፍራ፣ ፕራሳት ቼን ከተሰኘው የ10ኛው ክፍለ ዘመን ቤተ መቅደስ ውስጥ፣ ዱርዮዳና የሚባለውን የሂንዱ ተራኪ ጀግና የሚያሳይ የድንጋይ ሐውልት ነበር። ዘራፊዎች ከቁርጭምጭሚቱ ቆርጠው ወሰዱት፤ እግሮቹ ግን ከመቆሚያው ጋር እዚያው ቀሩ። ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ2011 በኒው ዮርክ ለጨረታ ሲቀርብ ማንነቱን የመሰከሩት እነዚያ ባዶ እግሮች ናቸው። በ2014 ወደ አገሩ ተመለሰ። በየሳሎኑ መደርደሪያ ላይ የሚታየውን አካል የሌለው የቡድሃ ራስ ባየሁ ቁጥር፣ አንገቱ የቀረበት ስፍራ ወዴት ይሆን እላለሁ።

ከሁሉ ይልቅ ያስገረመኝ ግን የፓቱር ናታራጃ ጉዳይ ነው። በደቡብ ህንድ ታሚል ናዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1976 አንድ የቀን ሠራተኛ መሬት ሲቆፍር፣ በእሳት ቀለበት መካከል የሚጨፍረውን ሺቫን የሚያሳይ የነሐስ ምስል አገኘ። ምስሉ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጋግሮ ለንደን ደረሰ፤ አንድ የካናዳ ኩባንያም ገዛው። ክርክሩ በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ሲሰማ ከከሳሾቹ አንዱ ማን ነበር መሰላችሁ? ያ የፈረሰው ቤተ መቅደስ ራሱ! በህንድ ሕግ መሠረት አምላክ ንብረት አለው፤ በሰዎች አፍም ይከሳል። የእንግሊዙ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1991 ይህንን ተቀበለ፤ ሺቫም ወደ ህንድ ተመለሰ።

እንግሊዞቹ በዚህ ምን ያህል እንደተደነቁ አላውቅም። የጣና ዳር ገበሬ ግን ከቶ አይደነቅም ነበር። የ1967ቱ አዋጅ መሬትን የመንግሥት እስካደረገበት ዘመን ድረስ፣ አያቶቻችን «የሚካኤልን መሬት አርሳለሁ»፣ «የጊዮርጊስን ግብር አገባለሁ» ሲሉ ምሳሌ መናገራቸው አልነበረም። ባለርስቱ ታቦቱ ነው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን የቆመ ምስል የመቅረጽ ልማድ የለም። የእኛ ጠራቢና አንጥረኛ ጥበቡን ያዋለው በመስቀል፣ በጽላትና በመንበር ላይ ነው፤ የቀረው በሠዓሊ ብሩሽ ተሠርቷል። ባለቤትነቱ ግን ያው የሂንዱው ዓይነት ነው። መጽሐፉን የሰጠው ባላባት ይሞታል፤ የተሰጠው ለገብርኤል ነውና ገብርኤል አይሞትም። እኔ በባንክ መስኮት ተቀምጬ ስውል፣ ከባለቤቱ ፊርማ ውጪ ሂሳብ አይወጣም። ሊፈርም የማይችለው የዚህ ባለቤት ሂሳብ ግን ስንት ጊዜ ተመዝብሯል!

የመቅደላው ታሪክ የታወቀ ስለሆነ አላረዝመውም። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሲሰዉ፣ የብሪቲሽ ሙዚየም ተወካይ ሪቻርድ ሆምስ ከሠራዊቱ ጋር ነበር። ነገሥታቱ ወደ ጦርነት ይዘውት ይሄዱ የነበረውን የኵርዓተ ርእሱን ሥዕል ከንጉሡ መኝታ አካባቢ አገኘ። ለሙዚየሙ መጻሕፍት ገዛ፤ ሥዕሉን ግን ለራሱ አስቀረው (በእኛ ሙያ ይህ ሌላ ስም አለው)። እ.ኤ.አ. በ1917 በለንደን ጨረታ ተሸጠ፤ ኋላም ወደ ፖርቱጋል በግል እጅ ገባ። በዚያው ብሪቲሽ ሙዚየም 11 ጽላት አሉ። ለእይታ አይቀርቡም፤ የሙዚየሙ ሠራተኞችም አያዩአቸውም። ሊያየው የማይችለውን ነገር የሚያስቀምጥ ሰብሳቢ! በ2002 ግን አንድ የኤዲንብራ ቄስ በቤተ ክርስቲያናቸው ቁም ሣጥን ውስጥ ያገኙትን አንድ ጽላት ያለ ክርክር መልሰዋል።

ለእኔ ይበልጥ የሚከብደኝ የጎንደሩ ነው፤ ምክንያቱም በጦርነት አልሆነም። እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1933 ከዳካር እስከ ጅቡቲ አፍሪካን ያቋረጠ የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ነበር። መሪው ማርሴል ግሪዮል፣ ጸሐፊው ባለቅኔው ሚሼል ሌሪስ ነበሩ። በ1932 ጎንደር ሲከርሙ በአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በጨርቅ ተለጥፈው የነበሩትን ሥዕሎች አነሱ። በምትካቸውም ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለው የቡድኑ ሠዓሊ የሣላቸውን ግልባጮች ሰቀሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ሰዎች ገንዘብ ተቀብለዋል፤ ነገሩ በሌሊት የተሠራ ስርቆት አይደለም። ቡድኑ በመንገዱ ሁሉ ከ3,500 በላይ ዕቃ ሰብስቦ ፓሪስ ገባ። ሥዕሎቹ ዛሬ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። ሌሪስ በ1934 ባሳተመው የዕለት ማስታወሻው አሰባሰቡ እንዴት እንደነበር ሳይሸሽግ ጽፏል፤ ይህም ከባልደረቦቹ ጋር አቃቅሮታል። ባለቅኔ በመሆኑ ይሆን እላለሁ፤ ምናልባት ለራሴ ወገን ማድላቴ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ የሰብሳቢዎቹ ሙግት በቀላሉ የሚገፋ አይደለም። ጎንደርን ድርቡሾች እ.ኤ.አ. በ1888 ሲያቃጥሉ ስንት አብያተ ክርስቲያናት ከነሥዕላቸው አመድ ሆነዋል። የሚያፈስ ጣሪያ፣ ምስጥና የሻማ ጭስ ከፈረንጅ አይተናነሱም። የአባ እንጦንስ ሥዕሎች በቦታቸው ቢቀሩ ዛሬ ይኖሩ ነበር ብዬ መማል አልችልም። ነገር ግን ግልባጩን የሰቀለ ሰው ምእመናኑ ባዶ ግድግዳ ሲያዩ እንደሚጠይቁ አውቋል ማለት ነው። ፋቂው በምላጭ የሠራውን እርሱ በብሩሽ ሠራው።

የዛሬውን ገበያ ስናይ ደግሞ በፈረንጅ ብቻ ማሳበብ አንችልም። ከላሊበላ አፍሮ አይገባ የሚባለው፣ ሕሙማን የሚባረኩበት የወርቅ መስቀል እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሰረቅ፣ የተገኘው በአንድ የቤልጂየም ሰብሳቢ እጅ ነው፤ በ2001 ተመለሰ። ሰብሳቢው ግን ላሊበላ ገብቶ አልሰረቀም፤ እስኪደርሰው ድረስ ስንት ሐበሻ ተቀባብሎታል። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 209/1992 ወጥቷል። መጽሐፉ ከደብሩ ወጥቶ ዘንዘልማ ሲደርስ ግን በየትኛው ኬላ ይፈተሻል? ከሰንሰለቱ መጨረሻ ተቀምጬ የከፈልሁት እኔ ነኝ። ፈረንጅ ባልሆንም፣ ለወጣቱ ሌላ መጽሐፍ እንዲያመጣ ዋጋ ያስተማርሁት እኔ ነኝ።

በቅርቡ ያችን ቅጠል በቀን ብርሃን፣ ከመስኮት አጠገብ፣ ደግሜ አየኋት። ብራና የጠጣውን ቀለም ሁሉ አይመልስም። ከምላጩ የተረፉ ሁለት ፊደላት አሉ፤ «ኤል» ይላሉ። ሚካኤል ነው? ገብርኤል? ሩፋኤል? ዑራኤል? በጣና ዙሪያ በእነዚህ ስሞች የሚጠሩትን አድባራት ቆጥሬ አልጨረስሁም።

ባለፈው እሑድ ወደ አንዱ ሄድሁ። ገበዙ ከቅዳሴ ሲወጡ ጠብቄ መጽሐፉን በሁለት እጄ አቀረብሁላቸው፤ ከየት እንዳገኘሁትና ስንት እንደከፈልሁበት ሳልደብቅ ነገርኋቸው። ገበታውን ዳሰሱት፣ ስፌቱን አዩት፣ መነጽራቸውን አድርገው የተፋቀውን ቦታ ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያም ተሳልመው መለሱልኝ።

«ልጄ፣ ከእኛም የጠፋ አለ» አሉኝ። «ይህ ግን የእኛ አይደለም። ከወንዙ ማዶ ያሉትን ጠይቅ።»