ላስታ ቱኩል
ላስታ ቱኩል በላሊበላ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከአካባቢው ቀይ ድንጋይ የሚገነባ ክብ ባለ ሁለት ደርብ ቤት ነው፤ ክዳኑ ሣር ነው። ዩኔስኮ ላሊበላን እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ትኩረቱ በ11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ላይ ነበር። ሆኖም ያለ እነዚህ ቤቶች የቅርሱ መልክ ጎዶሎ ነው፤ ለኑሮም ይስማማሉ፣ ወፍራሙ ግንባቸው የቀኑን ሙቀት ይዞ የደጋውን የሌሊት ብርድ ያለዝባል። ሣር እሳት ይፈራል፣ በየጊዜው መታደስም ይሻል፤ ስለዚህ ቆርቆሮ የሚመርጠው ነዋሪ ምክንያት አለው። ችግሩ ግን የክዳኑ እንጂ የግንቡ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ዝቅተኛ የግንባታ መለኪያዎችን በአገር አቀፍ ደረጃ አስቀምጦ ነበር፤ ለላሊበላ ደግሞ የድንጋዩን ግንብና የቤቱን ክብ ቅርጽ የሚጠብቅ፣ እሳት የሚቋቋም ክዳን የሚፈቅድ ዝርዝር ደንብ ያስፈልጋል። የሥነ ሕንፃ ተማሪዎችም ነባሮቹን ቤቶች ለክተው፣ ከአካባቢው ግንበኞች ጋር ለዛሬ ኑሮ የሚስማማ ንድፍ ቢያወጡ ደንቡ ነዋሪውን ከመከልከል አልፎ አማራጭ ይሰጠዋል።