ሳይበላሽ ያረጀው መኪና

ስልካችሁ ደህና እየሠራ፣ አዲስ ሞዴል ሲወጣ ግን ድንገት አሮጌ መስሎ ታይቷችሁ ያውቃል? ይህ ስሜት ታሪክ አለው፤ የእኛ የመሐንዲሶች እጅም አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1908 የወጣው የፎርድ ሞዴል ቲ እስከ 1927 ድረስ መሠረታዊ ንድፉ ሳይለወጥ ተሸጠ። ሄንሪ ፎርድ የፈለገው ጠንካራና ርካሽ መኪና ነበር። በ850 ዶላር የጀመረው ዋጋ በ1925 ወደ 260 ወረደ። ከ15 ሚሊዮን በላይም ተመረተ።

ታዲያ ደህና መኪና ያለው ሰው ለምን ሌላ ይገዛል? ጄኔራል ሞተርስ በ1920ዎቹ መልስ አገኘ፦ መልኩን በየዓመቱ መለወጥ። ሞተሩ አላረጀም፤ የሚሰለቸው ዓይን ነው። የኩባንያው የምርምር ኃላፊ ቻርልስ ኬተሪንግ በ1929 ያሳተመው ጽሑፍ ርዕስ «ሸማቹ እንዳይረካ አድርጉ» የሚል ነበር። ነገሩ ምስጢር አልነበረም እኮ! ሁሉም ከረካ ማን ይገዛል፣ ፋብሪካውስ በምን ይሠራል ነው ክርክሩ።

ግን እያንዳንዱ አዲስ መኪና ብረት፣ ጎማና ኃይል ይበላል። ደስታስ ጨመረ? ኢኮኖሚስቱ ሪቻርድ ኢስተርሊን በ1974 ባሳተመው ጥናት፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የአሜሪካውያን ገቢ ሲያድግ ደስታቸው አብሮ አላደገም አለ። አንዱ ምክንያት ራሳችንን ከጎረቤት ጋር ማወዳደራችን ነው። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም።

አዲስ ነገር ሁሉ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ሞተሪኖ የፈጠረው ያው ኬተሪንግ ነው፤ ከዚያ በፊት ሞተር በእጅ ሲያስነሱ ክንዳቸው የተሰበረ ብዙ ነበሩ። እንግዲህ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ፦ ይሄ ሞተሪኖ ነው ወይስ ቀለም ብቻ?