የ«ክሮኖ ትሪገር» የኮምፒውተር እትም፦ የተጫዋቾች ተቃውሞና ያስከተለው ዕርማት

በአንድ ዘመን መሣሪያ የተሠራ የጥበብ ሥራ ወደ ሌላ ዘመን መሣሪያ ሲሻገር ምን ይተርፈዋል፣ ምንስ ይጎድልበታል? ጥያቄው ለመጻሕፍትና ለመዛግብት ጠባቂዎች አዲስ አይደለም። ከብራና ወደ ኅትመት፣ ከሸክላ ወደ ቴፕ፣ ከቴፕም ወደ ዲጂታል መዝገብ የተደረገው ጉዞ ሁሉ ይህንኑ ጥያቄ አስነሥቷል። የቪዲዮ ጨዋታ ግን ለረጅም ጊዜ የልጆች መጫወቻ እንጂ ሊጠበቅ የሚገባው ሥራ ሆኖ ባለመታየቱ፣ ስለ ግልባጩ ታማኝነት የሚጠይቅ እምብዛም አልነበረም። «ክሮኖ ትሪገር» የተባለው የጃፓን ጨዋታ በ2018 ለግል ኮምፒውተር ተዘጋጅቶ በወጣ ጊዜ ገዢዎች ያሰሙት ተቃውሞና አሳታሚው ድርጅት በተከታታይ ያደረገው ዕርማት፣ ይህ ዝምታ እየተሰበረ መሄዱን ከሚያሳዩት ምሳሌዎች አንዱ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ክሮኖ ትሪገር» በጃፓን ለገበያ የቀረበው በማርች 1995፣ በሰሜን አሜሪካ ደግሞ በዚያው ዓመት በኦገስት ነበር። የተሠራውም ከቴሌቪዥን ጋር እየተያያዘ ለሚሠራው፣ ሱፐር ፋሚኮም ለተባለው የኒንቴንዶ መሣሪያ ነው። የዚህ ዓይነቱ ሥራ የሚና ጨዋታ ይባላል፤ ይኸውም ተጫዋቹ በአንድ ረጅም ታሪክ ውስጥ ያሉትን ገጸ ባሕርያት እየመራ፣ ከሰዎች ጋር እየተነጋገረና ጠላቶችን እየተዋጋ ወደ ፍጻሜው የሚጓዝበት ነው። በ«ክሮኖ ትሪገር» ጉዞው በዘመናት መካከል ነው። ወጣቱ ክሮኖና ጓደኞቹ ከክርስቶስ ልደት 65,000,000 ዓመት በፊት ከነበረው ዘመን አንሥቶ እስከ 2300 ድረስ እየተመላለሱ፣ በ1999 ዓለምን የሚያጠፋውን ላቮስ የተባለ ፍጡር ለማስቆም ይታገላሉ። ተጫዋቹ ፍጡሩን በሚገጥምበት ጊዜ ላይ ተመሥርቶ የታሪኩ ፍጻሜ ይለያያል፤ የፍጻሜዎቹም ቁጥር ከ10 በላይ ነው።

ሥራውን የመሩት ሦስት ሰዎች አስቀድመው ስማቸው የገነነ ነበር። እነርሱም «ፋይናል ፋንታዚ»ን የፈጠሩት ሂሮኖቡ ሳካጉቺ፣ «ድራገን ክዌስት»ን የደረሱት ዩጂ ሆሪ፣ እንዲሁም በ«ድራገን ቦል» ሥዕላቸው የሚታወቁት አኪራ ቶሪያማ ናቸው። ሁለቱ ዝነኛ ጨዋታዎች ስኩዌርና ኢኒክስ በተባሉ ተፎካካሪ ድርጅቶች የሚወጡ ስለነበሩ፣ የሦስቱ ሰዎች በአንድ ሥራ መገናኘት ራሱ ትልቅ ዜና ነበር። ድርጅቶቹ ስኩዌር ኢኒክስ በሚል ስም የተዋሐዱት ከ8 ዓመት በኋላ በ2003 ነው። የሙዚቃውን አብዛኛውን ክፍል የደረሱት በዚያን ጊዜ ጀማሪ የነበሩት ያሱኖሪ ሚትሱዳ ሲሆኑ፣ እርሳቸው በሥራ ብዛት ታመው በተኙ ጊዜ ቀሪውን ኖቡኦ ኡዌማትሱ አሟልተውታል።

በኋላ የተነሣውን ክርክር ለመረዳት መሣሪያው ለሠዓሊዎቹ የፈቀደላቸውን መጠን ማወቅ ያስፈልጋል። የጨዋታው ምስል በአግድም 256፣ በቁመት 224 ነጥቦች ብቻ ነበሩት። መሣሪያው ሊያወጣቸው ከሚችላቸው 32,768 ቀለማት ውስጥም በአንድ ጊዜ በተለመደው አሠራር የሚታዩት 256 ናቸው። ጨዋታው በሙሉ፣ ታሪኩ፣ ሥዕሉና ሙዚቃው፣ በአንድ የ4 ሜጋባይት ካሴት ውስጥ ተጠቃሏል። በዚህ መጠን የአንድ ገጸ ባሕርይ ዓይን ከጥቂት ነጥቦች አያልፍም። አንዷ ነጥብ ቦታዋን ብትለቅ የሚቆጣው ፊት የሚያዝን ይመስላል። ስለሆነም የቶሪያማን ንድፍ ወደ ጨዋታው የመለሱት ሠዓሊዎች እያንዳንዷን ነጥብ አስበው ማስቀመጥ ነበረባቸው። ሥዕሉ ይታይ የነበረውም በዘመኑ ባለ ከባድ መስታወት ቴሌቪዥን ላይ ስለሆነ፣ የነጥቦቹ ጠርዝ በመስታወቱ ብርሃን በመጠኑ እየተዋሐደ ለዓይን ይለሰልስ ነበር።

ጨዋታው በዚያው መሣሪያ ላይ አልቀረም። በ1999 በጃፓን ለፕሌይስቴሽን ሲዘጋጅ በካርቱን ፊልም መልክ የተሠሩ ትዕይንቶች ተጨመሩበት፤ ይኸው እትም በ2001 ለሰሜን አሜሪካ ሲደርስ ግን ከዲስክ የሚነበብ በመሆኑ ውጊያ ሲጀመርና ዝርዝር ሲከፈት በሚያስጠብቀው ጊዜ ተነቅፏል። በ2008 ለኒንቴንዶ ዲኤስ የወጣው እትም አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉምና ተጨማሪ የጉዞ ስፍራዎች ነበሩት። በ2011 ደግሞ ለተንቀሳቃሽ ስልክ ተዘጋጀ። ለኋላው ታሪክ ወሳኝ የሆነው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ምክንያቱም የኮምፒውተሩ እትም የተገለበጠው ከ1995ቱ ዋና ሥራ ሳይሆን ከስልኩ ግልባጭ ነበርና።

በፌብሩዋሪ 27 ቀን 2018 ስኩዌር ኢኒክስ «ክሮኖ ትሪገር»ን ለግል ኮምፒውተር ማውጣቱን አስታወቀ፤ ሽያጩም ስቲም በተባለው የጨዋታ መደብር በዚያው ዕለት ተጀመረ። ከ20 ዓመት በላይ ሲጠበቅ የነበረ ነገር ያለ ማስጠንቀቂያ በመምጣቱ የመጀመሪያው ስሜት ደስታ ነበር። ደስታው ግን አልቆየም። በዚህ መደብር ገዢው ዕቃውን ለሌሎች ይመክር እንደሆነና እንዳልሆነ ፍርዱን በጽሑፍ ይሰጣል፤ የፍርዶቹም ድምር ከዋጋው አጠገብ ለሁሉ ይታያል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተጻፉት ፍርዶች እጅግ ብዙዎቹ ጨዋታውን እየወደዱ እትሙን የሚነቅፉ ነበሩ።

ነቀፋው በተለይ በሦስት ነገሮች ላይ አተኮረ። የመጀመሪያው ሥዕሉ ነው። በዚህ እትም ምስሎቹ በማለስለሻ ስሌት እንዲያልፉ ተደርጎ ነበር። ስሌቱ ጎረቤት ነጥቦችን እያነጻጸረ የሰላውን ጠርዝ ያዶለዱማል፤ ነጥቧ ዓይን ትሁን የልብስ ቁልፍ ግን አያውቅም። ከዚህም በላይ የጨዋታው መልክዓ ምድር እንደ ወለል ንጣፍ ከትንንሽ አራት ማዕዘን ቁራጮች የተገጣጠመ ስለሆነ፣ ቁራጮቹ ሲለሰልሱ በመካከላቸው እንደ ስፌት ያለ መስመር ይታይ ጀመር። ሁለተኛው ነቀፋ የፊደሉ ቅርጽ ነው። ገጸ ባሕርያቱ የሚናገሩት ቃል በማንኛውም የቢሮ ደብዳቤ ላይ ሊገኝ በሚችል ተራ ፊደል በመጻፉ ከሥዕሉ ጋር አልተስማማም። ሦስተኛው የዝርዝሮቹና የትእዛዞቹ አቀራረብ ነው። ለጣት ንክኪ ተብለው የተሠሩት ትላልቅ ቁልፎች፣ ጆይስቲክ ወይም የኮምፒውተር ፊደል ገበታ ይዞ ለሚጫወት ሰው ቦታ የሚያጣብቡ እንጂ የሚያገለግሉ አልነበሩም።

ተቃራኒ አስተያየትም አልጠፋም። ጨዋታውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኙ ሰዎች ታሪኩም ሙዚቃውም ሙሉ መሆኑን፣ የፕሌይስቴሽኑ ፊልሞችና የዲኤሱ ተጨማሪ ስፍራዎች በአንድነት መቅረባቸውን እያነሡ፣ ተቃውሞው የልጅነት ናፍቆት ነው ብለዋል። ይህ አስተያየት በቀላሉ የሚጣል አይደለም፤ ናፍቆት የሌለበት ተቃውሞ ነበር ማለት አይቻልምና። ሆኖም የነቀፋው ፍሬ ነገር ሌላ ነው። ቁም ጸሐፊ ብራና ሲገለብጥ የማያውቀውን ጥንታዊ ቃል በሚያውቀው ቢለውጠው ዓረፍተ ነገሩ ይነበባል፤ ቃሉ ግን ጠፍቷል። አንባቢውም መጥፋቱን አያውቅም። የማለስለሻው ስሌት ያደረገው ይህንኑ ነው። ተጫዋቾቹ የተቃወሙት መለወጡን ብቻ ሳይሆን፣ ዋናውን መርጦ የማየት ዕድል በእትሙ ውስጥ አለመኖሩን ነበር።

አሳታሚው ለምን ይህን መንገድ እንደ መረጠ መገመት አያዳግትም። ለ1995ቱ መሣሪያ የተጻፈ ፕሮግራም በዛሬ ኮምፒውተር ላይ እንዳለ አይሠራም። የስልኩ ግልባጭ ግን ለዘመናዊ መሣሪያዎች አስቀድሞ ተዘጋጅቷል፤ ስለሆነም ከዚያ ተነሥቶ መሥራት ጊዜና ወጪ ይቆጥባል። ድርጅቱም በዚህ መንገድ ሲሄድ የመጀመሪያው አልነበረም። በ2015 ለኮምፒውተር ያወጣቸው «ፋይናል ፋንታዚ» 5ኛውና 6ኛው ክፍሎች ከስልክ የተገለበጡ ነበሩ፤ እንደገና የተሣሉት ምስሎቻቸውና ለንክኪ የተሠሩት ትእዛዞቻቸውም ተመሳሳይ ነቀፋ ደርሶባቸዋል።

ልዩነቱ በምላሹ ላይ ነው። በ«ክሮኖ ትሪገር» ጉዳይ አንዳንድ ተጫዋቾች ድርጅቱን ሳይጠብቁ የፊደሉንና የሥዕሉን ፋይሎች በራሳቸው እየለወጡ ለሌሎች ማካፈል ጀመሩ። ድርጅቱም በኤፕሪል 2018 መጀመሪያ ላይ ቅሬታውን ማየቱንና በሚቀጥሉት ወራት ተከታታይ ዕርማት እንደሚያወጣ አስታወቀ። የመጀመሪያው ዕርማት በኤፕሪል 10 ማለትም ጨዋታው ከወጣ ከ42 ቀን በኋላ ደረሰ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ ተጫዋቹ ከለሰለሰው ሥዕልና ከዋናው ሥዕል የፈለገውን መምረጥ ቻለ፤ የፊደሉ ቅርጽና የንግግሩ ሣጥንም ተለወጠ። በሜይ የወጣው ሁለተኛው ዕርማት ለጆይስቲክና ለፊደል ገበታ የሚስማማ የትእዛዝ አቀራረብ አመጣ። ሥራው በዚህ ሳያበቃ እስከ ኦገስት 2018 ድረስ በ5 ዙር ተጠናቀቀ። በየዙሩም የገዢዎቹ ፍርድ ከነቀፋ ወደ ምስጋና እያዘነበለ ሄደ። በማርች 2022 ደግሞ ለሰፋፊ መስኮቶች የሚሆን ተጨማሪ ማሻሻያ ወጣለት።

የ«ፋይናል ፋንታዚ» ሁለቱ ክፍሎች ግን ይህ ዕድል አልገጠማቸውም። ለ6 ዓመት ያህል በዚያው መልካቸው ከተሸጡ በኋላ በጁላይ 2021 ከገበያ ተነሡ። በምትካቸውም «ፒክስል ሪማስተር» የተባሉ አዳዲስ እትሞች መጡ፤ 5ኛው ክፍል በኖቬምበር 2021፣ 6ኛው በፌብሩዋሪ 2022 ወጣ። በእነዚህ እትሞች የገጸ ባሕርያቱ ምስሎች በነጥብ እንደገና ሲሣሉ፣ የቀድሞዎቹን ክፍሎች ምስሎች የሣሉት ካዙኮ ሺቡያ ሥራውን እንዲመሩ ተደርጓል። እንዲያም ሆኖ የእንግሊዝኛው ፊደል ቅርጽ በድጋሚ ተነቀፈ፤ በኤፕሪል 2023 ለቴሌቪዥን መሣሪያዎች የወጣው እትም ተጫዋቹ የፊደል ቅርጽ እንዲመርጥ ፈቀደ። ከዚህ የምንረዳው የ2018ቱ ተቃውሞ የአንድ ሰሞን ጩኸት አለመሆኑን ነው። ለዋናው ሥራ ታማኝ መሆን ገዢው የሚጠይቀው፣ ሻጩም የሚያስብበት ጉዳይ ሆኗል።

ነገሩን አስቸኳይ የሚያደርገው የዋናው መሣሪያ ዕድሜ ነው። የ1995ቱ ካሴት ተጫዋቹ የደረሰበትን ቦታ የሚያስታውሰው በውስጡ ባለች ትንሽ ባትሪ ኀይል ሲሆን፣ ባትሪዋ ስታልቅ ትዝታውም አብሮ ይጠፋል። ባለ ከባድ መስታወቱ ቴሌቪዥን ከፋብሪካዎች ምርት ከወጣ ቆይቷል። ሠሪዎቹም ዘላለማዊ አይደሉም፤ አኪራ ቶሪያማ በማርች 2024 ዐርፈዋል። ለመጪው ትውልድ «ክሮኖ ትሪገር» ማለት በሕጋዊ መንገድ ሊገዛ የሚችለው ግልባጭ ነው። ግልባጩ ቢሳሳት የሚያርመው ሰው ሊኖር የሚችለው ዋናውን በዓይኑ ያየ ትውልድ በሕይወት ሳለ ብቻ ነው። የ2018ቱ ተጫዋቾች አገልግሎት ይህ ነበር፤ ያዩትን መሠከሩ፣ ምስክርነታቸውም ተሰማ።

ይሁን እንጂ ዕርማቱ ራሱ አንድ ነገር ይዞ ሄዷል። መጽሐፍ ታርሞ እንደገና ሲታተም የቀድሞው እትም በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ይቀራል፤ ተመራማሪም ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማመሳከር ይችላል። በዚህ ዓይነቱ መደብር ግን አዲሱ እትም የሚቀመጠው በአሮጌው ቦታ ላይ ነው። ዛሬ ጨዋታውን የሚገዛ ሰው የሚደርሰው የታረመው ብቻ በመሆኑ፣ ያ ሁሉ ተቃውሞ የተነሣበት የፌብሩዋሪ 2018 እትም ለተራ ገዢ አይገኝም። የቀረው ማስረጃ ተጫዋቾቹ የጻፉትና በወቅቱ ያነሡት ምስል ነው። ስለዚህ የዲጂታል ሥራን ታሪክ ለመጠበቅ የሚነሣ ባለሙያ ዋናውን ሥራና መልካሙን ግልባጭ ብቻ ቢሰበስብ ሥራው ጎዶሎ ይሆናል። የተነቀፈውን እትም ከነነቀፋው አብሮ ማኖር አለበት፤ ያለዚያ የሚቀጥለው ትውልድ ዕርማቱን እንጂ ዕርማቱ ለምን እንዳስፈለገ አያውቅም።