የእህል ኮታና የእርሻ ግብር በአርሲ ደጋ (ከ1967 እስከ 1982 ዓ.ም.)

በጭላሎ ተራራ ግርጌ የተዘረጋው የአርሲ ደጋ ስንዴና ገብስ በሰፊው ከሚመረትባቸው የአገራችን ክፍሎች አንዱ ነው። ከአሰላ ተነሥቶ በሳጉሬ በኩል ወደ በቆጂ የሚጓዝ ሰው በግራም በቀኝም የሚያየው ይህንኑ አዝመራ ነው። አካባቢው «ትርፍ አምራች» የሚል ስም ያገኘውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ በደርግ ዘመን ይህ ስም ለገበሬው ከምስጋና ይልቅ ዕዳ ይዞለት እንደ መጣ የግብሩና የኮታው ታሪክ ያስረዳል።

ከኮታው በፊት

ትርፍ ምርቱ የማን ይሁን የሚለው ጥያቄ ከአብዮቱ በፊትም የነበረ ነው። በ1960 ዓ.ም. መባቻ በስዊድን መንግሥት ርዳታ በአሰላ ሥራውን የጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በተለምዶ ካዱ የሚባለው፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር አቀረበ፤ በቁሉምሳ የምርምር ሥራ አካሄደ፤ የገጠር መንገዶችን ሠራ፤ እህል የሚገዛባቸውን የንግድ ማእከሎች ከፈተ። የስንዴውም ምርት አደገ። ነገር ግን ምርቱ ሲያድግ መሬቱም ተፈላጊ ሆነ፤ አንዳንድ ባለመሬቶችም ጭሰኛውን እያስለቀቁ በትራክተር ማረስን መረጡ። በሲሶ ወይም በእኩል ያርስ ለነበረው ጭሰኛ ልማቱ መጣለት ሲባል መጣበት።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ይህን ሥርዐት አፈረሰ። የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ጭሰኝነት ቀረ፤ አንድ ቤተሰብ ሊይዝ የሚችለው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ቢያንስ 800 ሄክታር፣ ማለት 20 ጋሻ ያህል ስፋት ባለው ቦታም የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም ተደረገ። ገበሬው ለባለመሬቱ ይሰፍረው የነበረውን እህል በጎተራው አስቀረ፤ ቤተሰቡም ጠግቦ በላ። ከዚህም የተነሣ ወደ ከተማ የሚወጣው እህል ቀነሰ። ኮታን የወለደው አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር።

የሚታየው ግብር

በ1968 ዓ.ም. የገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። በኋላ እንደ ተሻሻለው፣ በግሉ የሚያርስና ገቢው አነስተኛ የሆነ ገበሬ በዓመት ለመሬት መጠቀሚያ 10 ብር፣ ለገቢ ግብር 10 ብር፣ በድምሩ 20 ብር ይከፍላል። የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር አባል ግን የመሬት መጠቀሚያውን በግማሽ፣ ማለት 5 ብር ብቻ ይከፍል ነበር፤ ልዩነቱም ገበሬውን ወደ ማኅበር እርሻ ለመሳብ የታሰበ ነው። በየጊዜው የሚጠየቀው መዋጮ ሲጨመርበት ሸክሙ ቀላል አልነበረም። ቢሆንም ገበሬው ይህን ክፍያ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ደረሰኝም ይቀበልበታል።

የማይታየው ግብር

የመሬት አዋጁ ሁለት ዓመት ሳይሞላው የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት (እሰገድ) ተቋቋመ። ተግባሩ እህል በተወሰነ ዋጋ እየገዛ ለጦር ሠራዊቱ፣ ለሆስፒታሎች፣ ለዱቄት ፋብሪካዎችና ለከተማ ቀበሌዎች ማቅረብ ነበር። ኮታው ከላይ ተወስኖ ለክፍለ ሀገር፣ ከዚያም ለአውራጃ፣ ለወረዳና ለገበሬ ማኅበር ይደለደላል፤ የመጨረሻው ድልድል በገበሬው ደጃፍ ያበቃል። እህሉን በአብዛኛው የሚሰበስበው የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ነበር። ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ ዋጋው በመላ አገሪቱ አንድ ዐይነት ሆነ፤ ለብዙ ዓመታትም ከሞላ ጎደል ሳይለወጥ ቆየ። በአርሲና በጎጃም የግል ነጋዴዎች እህል እንዳይነግዱ ሲታገድ በየመንገዱ የቆሙት ኬላዎችም እህል ከክፍለ ሀገር ወደ ክፍለ ሀገር እንዳያልፍ ይጠብቁ ነበር።

የሸክሙን ልክ ለመረዳት ቀላል ስሌት ይበቃል። አንድ ገበሬ 5 ኩንታል ኮታ ተመደበበት እንበል፤ በድርጅቱ ዋጋና በገበያው ዋጋ መካከል በኩንታል የ20 ብር ልዩነት ቢኖር ገበሬው 100 ብር አጣ ማለት ነው። ይህም የግብሩን አምስት እጥፍ ይሆናል። ለዚህ ገንዘብ ደረሰኝ የለውም፤ በመዝገብ ላይ የሚታየው «ሽያጭ» ተብሎ ነውና።

ከሁሉ የከፋው ኮታው ዝናብን የማይጠብቅ መሆኑ ነው። አዝመራው በውርጭ ወይም በዋግ ሲመታ ዕዳው አብሮ አይቀንስም። ኮታው የጎደለበት ገበሬ በግ ወይም ጥጃ ሸጦ ከገበያ በውድ ዋጋ እህል ይገዛል፤ ያንኑ እህል ለድርጅቱ በርካሽ ያስረክባል። ያላሟላ ሰው መቀጮ፣ እስራት ወይም ከማኅበሩ ሱቅ ጨውና ሳሙና መከልከል ያገኘው ነበር። ቅጣቱን የሚያስፈጽሙት ደግሞ የመረጣቸው የገበሬ ማኅበር መሪዎች ናቸው፤ ስለዚህ ቅሬታው በጎረቤትና በጎረቤት መካከል ገባ። በ1978 ዓ.ም. በአርሲ በሰፊው የተካሄደው የመንደር ምሥረታ ገበሬውን ከማሳው ሲያርቀውም ኮታው ባለበት ቀጠለ።

የከተማው ወገን

በፍትሕ ለመናገር ራሽኑ ጥቅም አልነበረውም ማለት አይቻልም። በቀበሌ ሱቅ ደብተሩን ይዞ የተሰለፈው የአዲስ አበባ ድኻ ከገበያው በረከሰ ዋጋ ጤፍና ስንዴ አግኝቷል። ነገር ግን የሚታደለው እህል ወሩን አያደርስም፤ የጎደለውን ከገበያ ሲገዛ፣ ኬላዎቹ የእህሉን መንገድ ስለ ዘጉት ዋጋው ንሮ ይጠብቀዋል። እህል ከተትረፈረፈበት ወደ ጎደለበት እንዳይሄድ መከልከሉ በ1977ቱ ድርቅ ዘመን ምን ያህል እንደ ጎዳ ማስተዋል አያዳግትም።

መጨረሻውና ትምህርቱ

የካቲት 26 ቀን 1982 ዓ.ም.፣ የመሬት አዋጁ ከወጣ በ15 ዓመት ከአንድ ቀኑ፣ የቅይጥ ኢኮኖሚ መመሪያ ታወጀ። ኮታው ቀረ፤ የእህል ንግድ ተፈታ፤ የአምራቾች ማኅበራትም በፈቃድ እንዲፈርሱ ሲፈቀድ አብዛኞቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ፈረሱ። ድርጅቱም ከመንግሥት ለውጥ በኋላ የኢትዮጵያ እህል ንግድ ድርጅት ተባለ።

ከዚህ ታሪክ ባለሙያው የሚቀስመው ትምህርት አለ። ምርጥ ዘሩ፣ ማዳበሪያውና መንገዱ በአርሲ የታሰበላቸውን ሠርተዋል፤ ስንዴው በእርግጥ ጨምሯል። ጭማሪው ግን መጀመሪያ በባለመሬቱ፣ ቀጥሎም በኮታው እጅ ገባ። ብዙ ያመረተ ብዙ የሚመደብበት ከሆነ ትጋት ራሱ ግብር የሚከፈልበት ነገር ይሆናል። ስለዚህ በሄክታር ስንት ኩንታል ይገኛል ብሎ የሚያሰላ ባለሙያ፣ ከዚያ ኩንታል በገበሬው ጎተራ ስንቱ ይቀራል የሚለውንም በዚያው ወረቀት ላይ ማስላት ይገባዋል።